ግማሽ ሜዳ፣ ሙሉ ትንቢት

ለክለባችን የጀማሪ ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች መራጭ ኮሚቴ የተከበሩ ሊቀመንበር፣
ላይኛው ፎቅ፣ መስኮቱ አጠገብ።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ የደም ግፊትዎ፣ ከሁሉም በላይ ዓይንዎ ደህና እንዲሆንልን የክለቡ ደጋፊዎች ሁሉ ምኞት ነው፤ ዓይንዎ የእርስዎ ብቻ ሳይሆን የሁላችንም ንብረት ነውና። እኔ ምስጋና ለፈጣሪ ደህና ነኝ፤ ከሐፍረት በቀር የሚያመኝ ነገር የለም።

አቤቱታዬን ከማቅረቤ በፊት ኅሊናዬን እንደ ጠጠር የሚቆረቁረኝን አንድ ከባድ ወንጀል በሕዝብ ፊት ልናዘዝ። ባለፈው ሳምንት በስብሰባ ክፍልዎ ጠረጴዛ ላይ ከነበሩት ብስኩቶች ሁለቱ መጉደላቸውን ደርሰውበት ይሆናል። ገንዘብ ያዡ አልነኳቸውም፤ ጸሐፊዋም ንጹሕ ናት፤ የበላሁት እኔ ነኝ። ብስኩቶቹ በዕድሜ እንደሚበልጡኝ የገባኝ ከነከስኳቸው በኋላ ነው። ታላቅ ሰው ሲመጣ ከመቀመጫ መነሳትን ያስተማሩኝ ወላጆቼ፣ ታላቆቿን በሻይ እንኳ ሳታርስ የምትበላ ልጅ ማሳደጋቸውን ሲሰሙ አንገታቸውን እንደሚደፉ አውቃለሁ። ቅጣቴን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ፤ ጥርሴ ግን የራሱን ድርሻ አስቀድሞ ተቀብሏል።

ማንነቴን ለመግለጽ ያህል፣ ዘንድሮ ካስፈረማችኋቸው ጀማሪዎች መካከል እርስዎ «ይጠፋል» ያሉት ልጅ ታናሽ እህት ነኝ። ቁመት ሲታደል ወንድሜ ቀድሞ ተሰልፎ ሁሉንም ወስዶታል፤ ለእኔ የደረሰኝ ምላስ ነው፣ እሱም ከነምርቃቱ ነው ትላለች አክስቴ።

ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ፣ በአዳራሹ በር ላይ ቆመው የሚያነቡት እንግዶችም ስለማይጠፉ፣ የትንቢቱን ሥርዓት ባጭሩ ላስታውስ። በየውድድር ዘመኑ መክፈቻ ጀማሪዎቹ የእጥፋቱ መስመር እንኳ ያልለቀቀው አዲስ ማልያ ለብሰው ሜዳው መሃል ይሰለፋሉ። እርስዎ ማይክሮፎን ይዘው በእያንዳንዳቸው ፊት ይቆማሉ፤ እንደ ሶፋ ገዢ ዞር ዞር ብለው ያዩዋቸዋል፤ ጉሮሮዎን ይጠርጋሉ፤ ከዚያም ከሦስት ቃላት አንዷን ይጥላሉ፦ ይበራል፣ ይቆያል፣ ይጠፋል። ልጁ በፕሮፌሽናል ሜዳ የመጀመሪያ ዓመቱን እንዴት እንደሚያሳልፍ በዚያች ቃል አለቀ ማለት ነው። ሰው ያጨበጭባል። እኔም በየዓመቱ አጨብጭቤያለሁ፤ የሰው ወንድም ሲሆን ደስ ይላል።

ዘንድሮ ወንድሜ ፊት ሲደርሱ ሁለት ጊዜ ዞሩት። እናቴ እጄን ጨበጠች። «ይሄ ልጅ» አሉ፣ «እግር አለው፤ ዳሩ ግማሹን ጊዜ የት እንደሚሰወር አይታወቅም። ትጋት ይጎድለዋል። ይጠፋል!» ማይክሮፎኑም ሲጥ ብሎ ፊርማውን አኖረ። ወንድሜ ምን ማድረግ እንዳለበት ስላልገባው እጅ ነሳ።

ከዚህ በታች ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ። ቁጥር ያስፈለገው እርስዎ ሥርዓት ስለሚወዱ ነው፤ እኔ ብሆን በአንድ ትንፋሽ እጮኸው ነበር።

አንደኛ፤ ስለ መስኮትዎ።

እናቴ ወንድሜ ከተቀያሪ ወንበር ላይ ተነስቶ ጥቂት እንዲጫወት ልትለምንዎ ስትመጣ እኔን አስከትላ ነበር፤ ፎቅ ብቻዋን መውጣት ፈርታ ሳይሆን ብቻዋን ማፈር ስለማትወድ ነው። ጸሐፊዋ «ቁጭ በሉ፣ አሁን ይመጣሉ» ብላ የስብሰባ ክፍሉን ከፈተችልን። እናቴ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በወንበሩ ጫፍ ተቀመጠች፤ በሰው ወንበር ላይ ተደላድሎ መቀመጥን እንደ ብልግና ነው የምትቆጥረው። እኔ የተናዘዝኩትን ብስኩት ይዤ ወደ መስኮቱ ሄድኩ፤ ኮሚቴው የወጣቶችን ዕድል ወደሚመዝንበት ወደዚያ ታላቅ መስኮት። ከታች ጀማሪዎቹ ከነባሮቹ ጋር የልምምድ ግጥሚያ ላይ ነበሩ። ወንድሜ ኳስ ነጠቀና ሮጠ። ሮጠ፣ ሮጠ፣ ከዚያ የለም።

«እማዬ፣ ልጅሽ ጠፋ» አልኳት።

«ዝም በይ፣ ሰው ቤት ነው ያለሽው» አለችኝ።

ጠጋ ብዬ፣ ዘንበል ብዬ፣ በመጨረሻም ጉንጬን መስታወቱ ላይ ለጥፌ አየሁ። ክቡር ሆይ፣ ከመስኮትዎ የሚታየው አንዱ ቅርጫት ብቻ ነው። ሌላኛውን ያ ግዙፍ የኤሌክትሪክ የውጤት ሰሌዳ፣ ያ በሪባንና በረጅም ንግግር ያስመረቁት ሰሌዳ፣ ከጣሪያው ወርዶ ከነመረቡ ከነተጫዋቹ ጋርዶታል። ውጤቱ ይታያል፤ ውጤቱ የሚመጣበት ቦታ አይታይም። ለዚህ ጥበብ የተሞላበት አሰቃቀል በክለቡ ደጋፊዎች ስም ያለኝን አድናቆት እንዲቀበሉኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ ሻይ።

ነገሩን የማያውቅ ሰው «ታዲያ ምን ችግር አለው? ቡድኖች ከእረፍት በኋላ ቅርጫት ይቀያየራሉ፤ በመጀመሪያው ያልታየ በሁለተኛው ይታያል» ሊል ይችላል። ያ ሰው የኮሚቴውን ሻይ አያውቅም። የጀማሪዎቹ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ከመስኮትዎ ሥር ስለሆነ በየልምምድ ግጥሚያው መጀመሪያ የሚቆሙት በዚያው በኩል ነው። ስለዚህ እስከ እረፍት ድረስ የሚከላከሉት እርስዎ የሚያዩትን ቅርጫት፣ የሚያጠቁት እርስዎ የማያዩትን ነው። እረፍት ሲሆን ሻይ ይገባል፤ ሻይ ሲገባ ወንበሮቹ ሁሉ ወደ ጠረጴዛው ይዞራሉ። የቀድሞው የእግር ኳስ በረኛ፣ የኮሚቴው ሁለተኛ ዓይን፣ በወጣትነታቸው ያዳኗቸውን ኳሶች ይተርካሉ፤ ገንዘብ ያዡ ዓይናቸውን ጨፍነው ያስባሉ፤ በጥልቀት ሲያስቡ ደግሞ ያንኮራፋሉ። እርስዎም «ከእረፍት በኋላ የሚታየው ድካም ነው እንጂ ችሎታ አይደለም» ይላሉ። ይህ አባባልዎ በክለባችን እንደ ሕግ እንደሚጠቀስ ያውቃሉ፤ አሰልጣኛችን ራሳቸው ይጠቅሱታል፣ ያውም እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ልክ እንደ እርስዎ።

በሌላ አነጋገር፣ ያ ሰሌዳ ከተሰቀለ ወዲህ ክቡርነትዎ አንድም ጀማሪ ኳስ ሲያስገባ አይተው አያውቁም። ይህን ሁሉ ሳያዩ ይህን ያህል በድፍረት መናገር ሌላ ሰው ቢሆን ባቃተው ነበር።

ሦስተኛ፤ ስለ ሐውልት።

በእንዲህ ያለ መስኮት ሲታይ ጎበዝ የሚመስለው ማን ነው? የማይንቀሳቀስ ሰው። ዘንድሮ «ይበራል» ያሉት ልጅ በጣም ረጅም፣ በጣም ደግ፣ በጣም ዝግተኛ ነው፤ ጓደኞቹ «ሐውልት» ይሉታል። ቡድኑ ሊያጠቃ ሲሮጥ እሱ ከመስኮትዎ ሥር ይቀራል፤ ቡድኑ ሲመለስ እዚያው ያገኘዋል፤ «ደህና ገባችሁ?» ማለት ብቻ ነው የቀረው። እርስዎ ግን «ዘወትር በቦታው የሚገኝ፣ ጽናት ያለው ልጅ» ብለው አወደሱት።

እሱ ራሱ እኛ ቤት ራት ሲበላ ያለውን ልንገርዎ? «እኔ እኮ የምቆመው ትንፋሽ እያጠረኝ ነው። እነሱ ጽናት አሉት። ታዲያ ምን ላድርግ፣ ማይክሮፎኑን ተቀብዬ ‹ኧረ ደክሞኝ ነው› ልበል?»

«በላቸዋ!» አለው ወንድሜ።

«አንተ ንገርልኝ። አንተ እንደሆነ አንዴ ጠፍተሃል፣ ከዚህ ወዲያ ምን ያደርጉሃል?»

ሁለቱም ሳቁ። እናቴም ሳቀችና ሰሃኑን ደግማ ሞላችለት። ምስኪኑ ልጅ አሁን በየጨዋታው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሜዳ ላይ እንዲቆም ተፈርዶበታል፤ ይበራል ተብሏላ! ጉልበቱን በበረዶ ጠቅልሎ ነው የሚተኛው። ሰው እየጠበቀው ነው፤ እሱ ደግሞ የሚጠበቀው ምን እንደሆነ እየገባው ሄዷል፤ ራት ላይ ቀልዱ እየቀነሰ መምጣቱን አይቻለሁ። ስለዚህ ይህን ቅሬታ የማቀርበው በእሱ ላይ ሳይሆን ስለ እሱ ነው።

አራተኛ፤ ስለ ትንቢቱ አፈጻጸም።

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ሲባል ሰምቼ እንዴት ያለ ጨካኝ ተረት ነው እል ነበር። እርስዎ በአስተዳደር ጥበብዎ አለዝበውታል፤ የተናገሩት ከሚጠፋ ሌላ ሰው የወለደው ይጥፋ። ይጠፋል የተባለ ልጅ እንዳይጠፋ ብሎ ማጫወት ኮሚቴውን መድፈር ስለሚሆን፣ አሰልጣኙ ወንድሜን ከተቀያሪዎቹ ወንበር ጫፍ፣ ከውሃ ጠርሙሶቹ አጠገብ አስቀመጡት። የሚገባው ጨዋታው ካለቀለት በኋላ፣ ሰው ጃኬቱን መልበስ ሲጀምር ነው። ይህ ማለት ክቡር ሆይ፣ «ዘንድሮ ዝናብ የለም» ብሎ ተናግሮ ግቢውን በሸራ ሸፍኖ፣ ከዚያ አፈሩን በጣት ነካ አድርጎ «ይኸው፣ ደረቅ ነው» እንደማለት ነው።

በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ላይ ከጀማሪዎቹ ማን እንደሚቀጥል፣ የማን ውል እንደሚቋረጥ ትወስናላችሁ። ኳስ ያልሰጣችሁት ልጅ ኳስ አላስገባም ይባላል፤ ትንቢቱ ሰመረ ተብሎ ይጨበጨባል፤ ወንድሜም ማልያውን አጣጥፎ ይመልሳል። ሁለተኛ ዕድል የሚሰጠው ሌላ ክለብ የለም፤ ከእርስዎ አፍ «ይጠፋል» የተባለን ልጅ የሚፈልግ የለምና። የቸኮልኩት ለዚህ ነው፤ ለችኮላዬ ይቅርታ።

አምስተኛ፤ ስለ እናቴ።

ወደዚያው ክፍል ልመልስዎ። እርስዎ ገቡ፤ እናቴ ብድግ አለች፤ ቦርሳዋ ወደቀ። በጣም ደግ ነበሩ፣ ይህን አልክድም፤ ጎንበስ ብለው ቦርሳዋን ያነሱላት እርስዎ ነዎት። «ይቀመጡ እህቴ» አሏት። «ስንቱን ልጅ በዚህ መስኮት አይቼ አሳልፌያለሁ፤ ዓይኔ ስቶ አያውቅም። ልጅዎ ክፉ ልጅ አይደለም። ግን ይሰወራል።»

እናቴም «ይቅርታ ያድርጉለት» አለች። «ቤት ውስጥ እንዲህ አልነበረም። ምናልባት እኔ ነኝ አሞላቅቄ ያሳደግኩት።»

ክቡር ሆይ፣ እናቴ ይቅርታ ጠየቀችዎ። ልጇ እርስዎ ወደማያዩት ቅርጫት ስለሮጠ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ ይቅርታ ጠየቀችዎ። እኔ ጉንጬ ላይ የመስታወቱ ቅዝቃዜ ገና ሳይለቀኝ እዚያው ቆሜ ነበር። ሁሉን አይቻለሁ፤ «ኧረ ጋሼ፣ እስቲ መጥተው እዚህ ጋ ዘንበል ይበሉና ይዩት» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። መምህር ሳይጠይቀኝ የምመልሰው እኔ፣ ጎረቤት ሲጣላ በሁለቱም ወገን የምከራከረው እኔ፣ ያን ቀን አንዲት ቃል አልወጣኝም። አፌ በብስኩትዎ ተሞልቶ ነበር። ልውጠው ብል አልወርድ አለ፤ ልትፋው ብል የእናቴ ፊት አለ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔ ዝምታ ግን እዚያው ክፍል ውስጥ ነቀዘ።

ከታች ወንድሜ እንደገና ኳስ አገኘ። ከፊቱ ማንም አልነበረም፤ ሜዳው እንደ በዓል ቀን መንገድ ወለል ብሎለት ነበር። አልሮጠም። ቆመ፤ ቀና ብሎም ወደ መስኮቱ አየ። እርስዎም ደስ ብሎዎት እናቴን በእጅዎ ጠሯት፦ «ይኸው! አዩ? ቆመ! ሰሞኑን መሻሻል አለ። እንዲህ ቆም ቆም ማለቱን ከቀጠለ በስብሰባው እናስብበታለን።»

እናቴ እየሮጠች ነው ቤት የደረሰችው። «ልጄ፣ ቆም በል ብለዋል። አንተ ብቻ ቆም በል» አለችው። እሱም «እሺ እማዬ» አላት። ቢቆጣ እችለው ነበር፤ በሩን ቢያላጋው እችለው ነበር። እሺ ማለቱ ነው ያቃተኝ።

ስድስተኛ።

ይህ ቅሬታ በእርስዎ ላይ አይደለም። ቢዘሉት ቅር አይለኝም፤ እንዲያውም ቢዘሉት ደስ ይለኛል።

«ትነት» የሚለውን ስም ሰምተውታል። ወንድሜ ሜዳ ሲገባ ከተማሪዎች መቀመጫ ተነስቶ አዳራሹን የሚሞላውን፣ በጋለ ብረት ላይ ውሃ ጠብ ሲል የሚመስለውን «ትስስስስ» ደግሞ ሰምተዋል፤ ከፎቅ ይሰማል። ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም። እኔ አውቃለሁ።

በመጀመሪያው ጨዋታ ከክፍሌ ልጆች ጋር ተቀምጬ ነበር። ትንቢቱን ሁሉም ሰምተዋል። «ያንቺ ወንድም የቱ ነው? ያ ይጠፋል የተባለው ነው?» አለችኝ ከጎኔ ያለችው። ፊቴ ጋለ። በወንድሜ አፈርኩ ክቡር ሆይ፤ ምንም ሳያደርግ፣ ገና የጫማውን ክር እያሰረ፣ እኔ አፈርኩበት። ሰው ሳይስቅብኝ ልቅደም አልኩና «አዎ፣ ትነት ይባላል። ዓይናችሁን ሳትጨፍኑ እዩት፣ አሁን ይተናል» አልኩ፤ በጥርሴ መሃልም «ትስስስ» አልኩ። እንዴት እንደሳቁ! ጥሩ ቀልድ ነበር፤ ጥሩ መሆኑ ነው የከፋው። ከፊታችን ያለው ረድፍ ተቀበለው፤ ከዚያ ኋላችን ያለው። በሚቀጥለው ጨዋታ የማላውቃቸው ሰዎች፣ ጢም ያላቸው ሰዎች፣ ልጆቻቸውን ትከሻቸው ላይ ያስቀመጡ ሰዎች «ትስስስ» አሉ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሮጬ ልመልሰው ብል ማንን እይዛለሁ?

ወንድሜ ያን ምሽት ጫማውን እየፈታ «ማን እንዳወጣው እንጃ፤ ግን ብልጥ ሰው ነው። እኔም ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር» አለ። ሳቁ ግን አላመለጠውም። እኔ ማንኪያዬን አየሁ።

ሚዛናዊ ልሁን። እርስዎ በማይክሮፎን የተናገሩትን ሰው በሳምንቱ ይረሳው ነበር፤ ስንት የርስዎን ንግግር ረስተናል። እንዳይረሳ ዜማ የሰጠሁት እኔ ነኝ። እርስዎ የሳቱት ስላላዩ ነው። እኔ ግን ከሕፃንነቴ ጀምሮ፣ ጓሯችን ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ቂጡ በወደቀ ባልዲ ውስጥ ኳስ ሲያስገባ እያየሁ ነው ያደግኩት። ስሮጥ ብወድቅ ከኳሱ በፊት እኔን የሚያነሳኝ እሱ ነበር። ሁለቱንም ቅርጫት አይቻለሁ፤ እያየሁ ነው የሳቅሁበት። እንግዲህ ከሁለታችን ማን ይበልጥ መነጽር እንደሚያስፈልገው ኮሚቴው ይወስንልን።

ሰባተኛ ቅሬታ ነበረኝ፤ ስለ ማይክሮፎኑ ነው፤ ይቅር።

የምለምንዎ ትንሽ ነገር ነው። ከስብሰባው በፊት አንድ ጨዋታ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ከታች፣ በሩቁ ቅርጫት በኩል ይቀመጡልኝ። መቀመጫው ሲሚንቶ ነው፤ ትራስ እኔ አመጣለሁ። ሻይም አመጣለሁ፤ ሁለተኛውን አጋማሽ ቆመው እየጠጡ ሊያዩት ይችላሉ። አሰልጣኙም እርስዎ ከታች ካሉ ወንድሜን ለማስገባት አይፈሩም፤ የሚፈሩት መስኮቱን ነው። አይተው ሲያበቁ «ይጠፋል» ቢሉ እንኳ አልከራከርም፤ ጀማሪ ነው፣ ሊጠፋ ይችላል፤ የመጀመሪያ ዓመት ለማንም ቀላል አይደለም ይላሉ። ቢያንስ ሲሮጥ ታይቶ ይጥፋ። ቆሞ ከሚተርፍልን ሮጦ ቢጠፋ ይሻላል፤ ይህን እናቴ ብትሰማ ትቆጣኛለች።

በበኩሌ በዚያው ጨዋታ ከተማሪዎች መቀመጫ ፊት ለፊት ቆሜ ስሙን ያወጣሁት እኔ መሆኔን እናገራለሁ። «ትስስስ» ማለት ያማረው በእኔ ላይ ይበል። ማይክሮፎንዎን ለአፍታ ቢያውሱኝ ውለታዎን አልረሳም። ወንድሜ ይህን ገና አያውቅም። ፊት ለፊት ልነግረው ብዙ ጊዜ አፌን ከፍቼ ስለ አየሩ አውርቻለሁ፤ ስለዚህ ደብዳቤው በር ላይ ሲለጠፍ ከሰው ጋር ቆሞ እንዲያነበው ትቼዋለሁ። ፈሪ መሆኔን እርስዎም እንዳይነግሩኝ ቀድሜ ነግሬዎታለሁ።

ለከበረ ጊዜዎ፣ ለማይሳሳተው ዓይንዎ፣ ለእናቴ ቦርሳ ሲሉ ላጎነበሱት ወገብ (ይህኛው የምር ነው)፣ እንዲሁም ወጣቶች ከማርጀታቸው በፊት መጥፋታቸውን አስቀድመው በማስታወቅ ለሚያተርፉላቸው ድካም ሁሉ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ፎቁ ከፍ፣ መስኮቱ ሰፋ፣ ሰሌዳው ደግሞ ጥቂት ቀና እንዲልልዎ እየተመኘሁ፣ ጎንበስ ብዬ እሰናበታለሁ፤

የሁልጊዜ አክባሪዎ፣
የ«ትነት» እህትና ስም አውጪ።

ማስታወሻ፦ ደብዳቤው የፊትና የኋላ ገጽ አለው። እንደ ልማድዎ አንዱን ብቻ አይተው በሌላው ላይ እንዳይተነብዩ አደራ።

ሌላ ማስታወሻ፦ ይህን የምጽፈው ከሩቁ ቅርጫት በላይ ካለው መቀመጫ ላይ ሆኜ ነው። ገና ጠዋት ነው፤ አዳራሹ ባዶ ነው፤ የመስኮትዎ መጋረጃ አልተገለጠም። ወንድሜ ብቻውን እየተለማመደ ነው፤ እኔ ከላይ መኖሬን አላወቀም። ምን እየተለማመደ እንደሆነ ቢያዩ ደስ ይልዎታል። መቆም ነው። ኳሱን ያነጥራል፤ ጥቂት ይሮጣል፤ ከዚያ ራሱን በማልያው የያዘ ያህል ገታ አድርጎ ይቆማል። ይመለሳል። እንደገና። እግሩ እምቢ ይላል፤ አንድ እርምጃ ያመልጠዋል፤ ይቆጣዋል፤ ይመለሳል። ከልቡ ነው የሚማረው፤ ምንም ነገር ሲማር እንዲህ ነው። ትጋት ይጎድለዋል ያሉት ልጅ ይኸው ነው።

አሁን ኳሱ አመለጠውና ተንከባሎ ደረጃው ሥር ቆመ። ሊያነሳው መጣ። አየኝ። ወረቀቱን ከደብተሬ ሥር ላሾልከው ስል እሱንም አየብኝ።

«ምንድን ነው የምትጽፊው?»

«ምንም። የቤት ሥራ።»

«የቤት ሥራ እያለቀሱ ነው እንዴ የሚሠሩት?»

ደረጃውን እየወጣ ነው፤ ኳሱን እዚያው ትቶት። ልቀደው እችላለሁ፤ ልበላውም እችላለሁ፣ ከብስኩትዎ አይደርቅም። ግን አልቀደውም። ክቡር ሆይ፣ ከእርስዎ በፊት እሱ ሊያነበው ነው፤ ለካ ተራውም እንዲህ መሆን ነበረበት። እጁን ዘርግቶልኛል። ሲቆጣም ሲያባብልም በሚጠራኝ የቤት ስሜ ጠራኝ፣ የትኛው እንደሆነ ከድምፁ መለየት አቃተኝ፦

«ፌንጣ!»